ሉክሶር ላይ ላባ፣ ካሺ ላይ እንጨት

እናቴ ያረፈች ዕለት ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እኔ ዞር ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። 52 ዓመት ልጇ ሆኜ አላውቀውም ነበር። አክስቴ ከለቀስተኛው መሐል «ወለተ ኪሮስ» ብላ ባታወጣኝ ኖሮ እዚያው እንደ ግንድ ተገትሬ እቀር ነበር።

ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ስለ ነፍስ ብዙ ቀለም ወዳፈሰሱ ሁለት አገሮች ተነሳሁ፤ ወደ ግብፅና ወደ ህንድ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ነገሩን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ቦታው ላይ ቆሜ ግን አላየሁትም። ታላቅ እህቴ «ኢየሩሳሌም እያለልህ!» ብላ ተቆጣች። የሁለቱን አገር ቪዛ፣ ትኬቱንና የኪስ ገንዘቡን አንድ ላይ ስደምረው እሷ ሳትሻል አትቀርም።

ጥር 14፣ ካይሮ

ያረፍኩት አርድ ኤል ሊዋ ነው፤ ጊዛ ውስጥ ብዙ አበሻ የሚኖርበት ሰፈር። የአክስቴ ልጅ እዚያ ከከተመች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የያዝኩት ባለታክሲ «አውቀዋለሁ» ብሎ ከተሳፈርኩ በኋላ አንዱኑ ድልድይ ሦስት ጊዜ አሻገረኝ። በመጨረሻ መንገዱን ያገኘነው አንዲት ጠባብ ሱቅ ላይ «ቡና አለ» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ሳይ ነው። የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ ምነው ሳትደውልልኝ!» እያለች ወረደች። ለባለታክሲው ከተስማማነው በላይ 100 ፓውንድ ሰጠሁት። መሳሳቱን ወደ ድካም ለውጦ አሳመነኝ።

የጾም ቀን ስለነበር በማግስቱ ቁርሳችን ፉል ሆነ። የካይሮ ፉል ሎሚ፣ ከሙንና የሰሊጥ ቅባት ይገባበታል። እንደኛ አዋዜና ቃሪያ አያውቅም። ገና ከእሳት የወጣው ክብ ዳቦ ግን የእኛን ያስንቃል፤ ሁለት ሰው 70 ፓውንድ ከፍሎ ጠገበ።

ከዚያ ታህሪር አደባባይ ወዳለው ሙዚየም ሄድን። እኔ የፈለግኩት ሰው የሚያልፈውን አንድ የእንጨት ሐውልት ነው። ንጉሥ ሆር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1894 ዳህሹር ላይ ከመቃብሩ የወጣ ነው። ንጉሡ ራቁቱን፣ ግራ እግሩን አስቀድሞ ቆሟል። ዓይኖቹ ከሌላ ማዕድን ተሠርተው የገቡ ስለሆኑ ወደየትም ብትዞር ይከተሉሃል። ከአናቱ ላይ ሁለት ክንዶች ወደ ሰማይ ተዘርግተዋል። ግብፆች «ካ» የሚለውን ቃል የሚጽፉት በእነዚህ ሁለት ክንዶች ነው።

ካ የሰው ሕያውነት ነው። አብሮት ይወለዳል፣ ሲሞትም አይሞትም፤ ግን ይርበዋል። መቃብር ላይ ዳቦና ጠላ የሚቀርበው ለእሱ ነበር። ካው ከምግቡ የድርሻውን ወሰደ ከተባለ በኋላ የቀረውን ካህናቱ ይበሉታል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀች። «ታዲያ ተዝካር አይደለም እንዴ?»

አይደለም፣ አልኳት። እኛ ድሃውን የምናበላው ለሟቹ ምሕረት እንዲለመንለት ነው፤ ሟቹ ራቡን አያስታግስበትም። ይህን በመምህር ድምፅ እያስረዳሁ ሳለ፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ለአንድ ወር ያህል ቡና በተፈላ ቁጥር ሲኒዋ እንደቀረበ፣ ማንም እንዳልነካው ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ጥር 15፣ ሳቃራ

ሳቃራ ከካይሮ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎብኚው ሁሉ ወደ ጆሴር ባለደረጃ ፒራሚድ ይጎርፋል። እኔ ከጎኑ ወዳለው የኡናስ ፒራሚድ ሄድኩ። ከውጭ ሲታይ የፈረሰ ካብ ነው። መግቢያው ጎንበስ ብለው የሚወርዱበት ስለሆነ ግንባሬን ከጣራው ጋር አጋጨሁት። እባጩ እስከ ዴልሂ አብሮኝ ተጓዘ።

ውስጡ ሌላ ነገር ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ፊደል ተሞልቷል፤ ጣራው ኮከብ በኮከብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ገደማ የተቀረጸ ሲሆን ከፒራሚድ ጽሑፎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። አንዱ ዓምድ «ኡናስ ሆይ፣ ሞተህ አልሄድክም፤ ሕያው ሆነህ ሄድክ እንጂ» ይላል። ሌላው ደግሞ ንጉሡ ሰማይ ቤት ደርሶ አማልክቱን እያረደ እየቀቀለ እንደሚበላ ይተርካል፤ ትልልቆቹን ለቁርስ፣ መካከለኞቹን ለራት፣ ትንንሾቹን ለሌሊት። በላኤ ሰብእን እንጂ በላኤ አማልክትን አላውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ መጀመሪያ ለንጉሥ ብቻ ነበር። ቆይቶ ጽሑፉ ከፒራሚድ ግድግዳ ወደ መኳንንቱ የሬሳ ሣጥን ወረደ፤ ከዚያም በፓፒረስ ጥቅል ተጽፎ መክፈል ለቻለ ሁሉ ይሸጥ ጀመር። ጸሐፊዎች ጥቅሉን አስቀድመው ያዘጋጁና የሟቹን ስም ቦታ ክፍት ይተዉታል፤ ገዢ ሲመጣ ይሞላል። ከሬሳ ጋር የሚቀበረውን የእኛን ልፋፈ ጽድቅ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ጆሮው መቆሙ አይቀርም። እዚያም የባለቤቱ የክርስትና ስም በየቦታው ይገባል። አንዱ ከሌላው ወጣ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ በመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ አለ።

ጥር 17፣ ሉክሶር፣ የምዕራቡ ዳርቻ

ባቡሩ ሌሊቱን ተጉዞ በሰዓቱ ደረሰ፤ ስለዚህ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ግብፆች ፀሐይ የምትጠልቅበትን ዳር ለሙታን ሰጥተውታል። በሕዝብ ጀልባ ተሻግሬ ብስክሌት ተከራየሁ። በሸንኮራ አገዳ እርሻ መሐል ግማሽ መንገድ እንደሄድኩ ጎማው ተነፈሰ። አንድ ባለጋሪ ልጅ ብስክሌቱንም እኔንም ከበርሲም ሣሩ ላይ ጭኖ ዴር ኤል መዲና አወረደን። ዋጋ ስጠይቀው ወደ ኪሴ እየተመለከተ «አንተ እንዳልክ» አለ፤ በየትኛውም አገር ከዚህ የሚወደድ ዋጋ የለም።

ዴር ኤል መዲና የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚሥሉ ሠራተኞች መንደር ነበር። ሰዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ለራሳቸውም አዘጋጁ። ከእነሱ አንዱ፣ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የኖረው ሰነጀም፣ መቃብሩ ከአንድ መለስተኛ ጓዳ አይበልጥም። ቀለሙ ግን ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። በቁልቁል ደረጃው ወርጄ ቀና ስል ከፊት ለፊቴ አባቴን አየሁት። ሰነጀም በሬ ጠምዶ እያረሰ ነው። በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዟል። ሚስቱ ኢይነፈርቲ ከኋላው እየተከተለች ዘር ትበትናለች። ሥር ሥራቸው ውኃ ይወርዳል፤ ወረድ ብሎ ተምርና ሌላ ፍሬ የያዙ ዛፎች ተደርድረዋል። ይህ ኢያሩ የሚሉት የተድላ መስክ ነው፤ ገነታቸው። የገብሱ ቁመት አምስት ክንድ እንደሆነ በጽሑፋቸው ተነግሯል።

አባቴ ጋይንት ላይ 40 ዓመት አርሷል። በሰማይም እርሻ ይጠብቅሃል ቢሉት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ግብፆችም ሳይታወቃቸው አልቀረም። ከሬሳው ጋር ትንንሽ ምስሎች ይቀብሩ ነበር። ሟቹ ለሥራ ሲጠራ ምስሉ «አለሁ» ብሎ በእሱ ፋንታ እንዲወጣ ነው። ባልና ሚስቱ ግን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ያውም የጥምቀት ዕለት እንደሚለበስ ነጭ በነጭ ለብሰው። ጠባቂው በካርቶን እያራገበልኝ ብዙ አስቆየኝ። 50 ፓውንድ ሰጠሁት፤ እንደተገባው ነው።

ከመንደሩ ጫፍ በኋለኛው የግሪኮች ዘመን የተሠራ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። ኋላ ክርስቲያኖች ገዳም አድርገውት ነበር፤ «ዴር» የሚለው የቦታው ስም በዓረብኛ ገዳም ማለት ነው። እዚያ በአንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ የመጣሁበትን አገኘሁ። ሚዛን። በአንዱ ሰሃን የሟቹ ልብ፣ በሌላው የማዓት ላባ። ማዓት እውነትም፣ ፍርድም፣ የዓለም ሥርዓትም ናት። አማልክቱ ሆረስና የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ከሚዛኑ ጋር ናቸው፤ የጽሕፈት አምላክ ቶት ይጽፋል። የሙታን ንጉሥ የሆነው አምላክ ኦሲሪስ በዙፋኑ ተቀምጧል። ከላይ 42 ዳኞች ተደርድረዋል፤ ሟቹ ለእያንዳንዳቸው «አልሰረቅኩም»፣ «አልገደልኩም» እያለ ይምላል። ከሚዛኑ ወዲያ አሚት አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ራሷ የአዞ፣ ደረቷ የአንበሳ፣ ኋላዋ የጉማሬ። ልቡ ከላባው ካልተካከለ እሷ ትውጠዋለች፤ ሰውየው ዳግመኛ ይሞታል፣ ሁለተኛ አይነሳም። ለዚህ ነው ሬሳ ሲያደርቁ አንጎሉን አውጥተው ጥለው ልቡን የሚተዉት።

አስጎብኚው እየደገመ «ሁሉም ሃይማኖት ከዚህ ነው የወጣው» ይለኝ ነበር። እኔ የማስበው በላኤ ሰብእን ነው። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በአንዱ ሰሃን የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የሰጣት ጥርኝ ውኃ። ሁለቱ ሚዛኖች ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ቀርበው ሲያዩአቸው ይለያያሉ። ግብፃዊው ሚዛን ላይ ምሕረት የሚባል ነገር የለም፤ ልብና ላባ ይካከላሉ ወይም አይካከሉም። የእኛው ላይ እመቤታችን ጥላዋን ትጥልና ጥርኝ ውኃው ይደፋል። ግብፃዊው ዳኛ ይህን ቢያይ ሚዛኑ ተሰረቀ ሳይል አይቀርም።

ጥላ ለእነሱም የሰው አካል ነበር። ሰውን ከብዙ ነገር ሰፍተውታል፦ ካ፣ ባ፣ ልብ፣ ጥላ፣ ስም፤ ሁሉም ሲስማሙለት ደግሞ የሚያበራው አኽ ይሆናል። ባ የሰው ራስ ያላት ወፍ ናት። ቀን ትወጣለች፣ ማታ ወደ ሬሳው ትመለሳለች። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ግብፆች ነፍስ ከእንስሳ ወደ እንስሳ እየተዘዋወረች በ3000 ዓመት ወደ ሰው ትመለሳለች ይላሉ ብሎ ጽፏል። ከራሳቸው ጽሑፍ ግን ይህ አይገኝም። የእነሱ ባ ወደ ሌላ ሥጋ አትሄድም፤ ሌሊት ሌሊት የምታርፈው በራሷ ሬሳ ላይ ነው።

ስምን በተመለከተ ደግሞ ብዙ መሄድ አላስፈለገኝም። ከኮረብታው ማዶ በሐትሸፕሱት ቤተ መቅደስ ንግሥቲቱ በየቦታው ተፍቃለች፤ መዶሻ የያዘው ሰው ስሟንና ምስሏን ነጥሎ ነው የመታው። ስሙ የጠፋ ሁለት ጊዜ ሞተ። በአንድ ተረታቸው እንስት አምላኳ ኢሲስ የፀሐይ አምላክ የሆነውን ራን በእባብ አስነድፋ የምትቀማው ስውር ስሙን ነው። የእኛ ሰው የክርስትና ስሙን ለምን እንደሚሸሽግ ለዚያ አስጎብኚ ላስረዳው አሰብኩ፤ ከዚህ ነው የወጣው እንደሚለኝ ስለማውቅ ተውኩት።

ጥር 20፣ ቦሌ

ካይሮ ወደ ዴልሂ የያዝኩት ትኬት በአዲስ አበባ በኩል ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ከቤቴ የ20 ደቂቃ መንገድ ላይ ሆኜ የማላውቀውን ሰው ሻንጣ ስጠብቅ ዋልኩ። እህቴ ጋ ደወልኩ። «መጣህ?» አለች። አልፌ መሄዴን ስነግራት ስልኩን ዘጋችው።

ጥር 22፣ ወደ ካሺ

ከዴልሂ ወደ ቫራናሲ ማታ የተነሳው ባቡር ጠዋት ሁለት ሰዓት መድረስ ነበረበት። የጋንጀስ ሜዳ በዚህ ወር በጉም ይሸፈናል። ባቡሩ እየቆመ፣ እየተንፏቀቀ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ፎቁ አልጋ ላይ ያሉት ባልና ሚስት የቋጠሩትን በሽምብራ የተሠራ ምግብ አካፈሉኝ፤ ሽሮ ደርቆ ቢቆረጥ እሱን ይሆናል። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ «ለመሞት ነው የምንሄደው፤ ዛሬ ግን አይደለም» አለና ሳቀ። ኋላ እንደገባኝ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በካሺ የሞተ ሰው ጆሮ ላይ አምላካቸው ሺቫ ራሱ የሚያሻግረውን ቃል ያንሾካሹክለታል፣ ከመወለድና ከመሞት አዙሪትም ይወጣል ብለው ያምናሉ። ካሺ ማለት ያው ቫራናሲ ነው፤ የቆየ ስሟ ነው።

ጥር 23፣ ካሺ

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ የሳንስክሪት መምህር ናቸው። ሰው ሁሉ «ጉሩጂ» ይላቸዋል፤ እኔም አልኳቸው። ከተማው ለእኔ እንደ ዐቢይ ጾም ነው፤ ባረፍኩበት አካባቢ ሥጋ የሚባል አላየሁም፤ ወተቱ ግን ያለ ገደብ ነው። ሻይ በሸክላ ኩባያ ይጠጣና ኩባያው ይሰበራል። 15 ሩፒ ለሻይና ለስባሪ።

ማታ ጉሩጂ ስለ ግብፅ ጠየቁኝ። ሰው ከስንት ነገር እንደተሰፋ ዘረዘርኩላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «እነሱ ይጨምራሉ፤ እኛ እንቀንሳለን» አሉ። ከዚያ የውኃ ብርጭቆ አስመጥተው ጨው በተኑበት፣ አማሰሉት። «ከላይ ቅመስ።» ቀመስኩ። ገሚሱን ደፍተው «ከመካከል ቅመስ፤ ከታችም።» ሁሉም ጨው ነው። ጨውን አሳየኝ አሉኝ፤ የሚታይ ነገር የለም። ይህ ከጥንት ቅዱሳት መጻሕፍታቸው አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ኡዳላካ የተባለ አባት ለልጁ ለሽቬታኬቱ ያደረገው ነው። የማይታየውና ሁሉንም የሞላው ብራህማን፣ በውስጥህ ያለውም አትማን፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ «ያ አንተ ነህ» አለው ልጁን። አትማን ከጥንቱ ትንፋሽ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ነፍስና ነፋስ በግዕዝ ዘመድ መሆናቸውን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

አማልክቶቻችሁስ ስንት ናቸው? አልኳቸው። ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት አንድ ሰው ጠይቆታል፤ ያጅናቫልክያ የተባለውን ሊቅ። መልሱ ከሦስት ሺህ በላይ ጀመረ። እንደገና ሲጠየቅ 33፣ እንደገና 6፣ ከዚያ 3፣ 2፣ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻ አንድ። አንድ ተኩሏ ገረመችኝ። ግብፆችም ወደ አንድ የሚጠጉበት ጊዜ አለ፤ የታላቁ አምላካቸው የአሙን ስም «ስውሩ» ማለት ነው። ነገር ግን ሌሎቹን አማልክት ከሥራ አላሰናበቷቸውም፤ ፈርዖኑ አኬናተን ሊያሰናብት ቢሞክር ከሞተ በኋላ ስሙን ፋቁት። ጉሩጂ በመጨረሻ የግብፅም ጥበብ ከህንድ እንደሄደ ይነግሩኝ ጀመር። አልከራከርም፤ እኔም ብሆን ሁለት ብርሌ ጠጅ ካገኘሁ ሁሉም ነገር ከአክሱም መውጣቱን ማስረዳት አያቅተኝም።

ችግሩ ውኃው ከቧንቧ የተቀዳ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ብራህማን ሆዴን እንዴት እንደሞላው እኔና የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ እናውቃለን። ማግስቱን በሩዝ ውኃና በሙዝ ዋልኩ።

ጥር 25፣ ማኒካርኒካ

ሬሳ የሚቃጠልበት የወንዝ ዳር ደረጃ ነው። ከመድረሴ በፊት በጠባቡ መተላለፊያ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች እየጮሁ አለፉኝ፦ «ራም ናም ሳትያ ሄ»፤ የአምላካቸው የራም ስም እውነት ነው ማለት ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አሳለፍኳቸው። ሬሳው በሚያብረቀርቅ ወርቃማ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከታች ጨርቁን ገፈው ይጥሉታል፤ ክምሩ ከጉልበቴ በላይ ነበር። ብሃጋቫድ ጊታ የተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ነፍስ ያረጀ ሥጋን ጥላ አዲስ የምትይዘው ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ነው ይላል። ክምሩን ካየሁ በኋላ አባባሉ ለጆሮ የሚጥም ብቻ መሆኑ ቀረ።

አንድ ሰው ቀርቦ ለድሆች የማገዶ መግዣ ካላዋጣሁ ዕዳው እንደሚከተለኝ ነገረኝ። 1000 ሩፒ ሰጠሁት። ጉሩጂ ኋላ ሲሰሙ «የዚያ ሰው ኪስ ብቻ ነው የሚሞቀው» አሉ።

ከእሳቶቹ ጀርባ እስከ ጣራ የተቆለለ ፍልጥ አለ፤ መሐሉ ላይ ሚዛን። ባለ ሁለት ሰሃን፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ሰው የሚሸከም ትልቅ ሚዛን። አንዱ ሰሃን ላይ የብረት ድንጋይ፣ ሌላው ላይ ፍልጥ። ለአንድ ሬሳ ከ300 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። የማንጎው ርካሽ ነው፤ ሰንደሉን የሚችለው ባለጸጋ ነው፤ ብዙው ሰው ጥቂት ፍቅፋቂውን ብቻ ይጨምራል። የሟቹ ልጅ ነው መሰለኝ፣ ራሱን የተላጨ ነጭ የለበሰ ወጣት ሰሃኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆሟል። ሚዛኑ ሊካከል ሲል ነጋዴው አንድ ፍልጥ አነሳ። ወጣቱ አንድ ቃል ተናገረ። ነጋዴው ፍልጡን መለሰው።

ሉክሶር ላይ የተመዘነው ልብ ነው፤ እዚህ ሚዛኑ ለእሳቱ ብቻ ነው። ለካርማ መዛኝ አያስፈልገውም። ሥራህ ራሱ ተከትሎህ ሄዶ በሚቀጥለው ልደትህ ያገኝሃል፤ ቶት አይጽፍም፣ አሚት አትጠብቅም። አስተሳሰቡ ከግብፆቹ ይልቅ ጠንካራ መስሎ ይታየኛል። ልቤ ግን ወደ ሰነጀም ያደላል። ከሚስቱ ጋር፣ በስሙ ተጠርቶ፣ የራሱን ገብስ ማጨድ ይፈልጋል፤ ምን ጥፋት አለበት? ሙንዳካ ኡፓኒሻድ በአንድ ዛፍ ላይ ስላሉ ሁለት ወፎች ይናገራል፤ አንዷ ፍሬውን ትበላለች፣ ሌላዋ ሳትበላ ትመለከታለች። የሰነጀም ባ የምትበላዋ ናት። እኔም የዚያች ወገን ነኝ።

እሳቱ ሲያልቅ ወጣቱ በሸክላ ማሰሮ ውኃ ይዞ ወደ ፍሙ ቀረበ። ጀርባውን ሰጥቶ ማሰሮውን በግራ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው። ሲሰበር ተሰማ። ደረጃውን ወጣ፤ ወደ ኋላ አልዞረም፤ መዞር ክልክል ነው።

ጥር 26፣ ወንዙ ላይ

አውሮፕላኔ ከሰዓት ስለነበር በንጋት ጀልባ ተሳፈርኩ፤ 300 ሩፒ። ጉሙ ማዶውን ውጦታል። ቀዛፊው ከ15 ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። ከቅጠል የተሰፋች ትንሽ ሳህን ላይ ብርቱካናማ አበባና የተለኮሰ ክር አድርጎ አቀበለኝ፤ 20 ሩፒ። ውኃው ላይ እንዳስቀምጣት በእጁ አሳየኝና «ስም?» አለ።

ንስሐ አባቴ ትዝ አሉኝ። ቢያዩኝ ምን ይላሉ? ሳህኗ እጄ ላይ ሆና ቆየሁ፤ ሙቀቷ አውራ ጣቴን ይለበልበኛል። ልጁ የጥያቄው ቋንቋ ያልገባኝ መስሎት ደገመው።

«ወለተ ኪሮስ።»

«ወሌ ኪሮ» አለ።

«ወለተ ኪሮስ።»

በሦስተኛው አስተካክሎ ጠራት። ሳህኗን ለቀቅኳት። ጥቂት ሄዳ ከቆመች ጀልባ ጎን ጋር ተጋጨች፣ ዞረች፣ ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገባች። ልጁ መቅዘፊያውን አንስቶ ለመመለስ ሌላ 100 ሩፒ ጠየቀኝ።